ቀንዱ እናቴ ዘንድ የነበረበት ወር

«ይህ ቀንድ የማን ነው?» አለ መርማሪው።

«የኔ ነው» አለች እናቴ።

አፏን በእጄ መክደን ነበረብኝ። እኔ ግን ሳፋው አጠገብ ቆሜ፣ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ለብሶ፣ ቀጥላ የምትለውን እጠብቅ ነበር። «ማለቴ የማኅበሩ ነው፣ ወሩ የኔ ስለሆነ ነው» ትላለች ብዬ። አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀንዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያልሰማ ካለ እንዲሰማ ደገመችው።

«የኔ ነው። እስካስረክብ ድረስ የኔ ነው።»

አብረውት የመጡት ሁለት ፖሊሶች ተያዩ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲያምንላቸው የለመዱ አይመስሉም። እናቴን አረጋሽን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማትታየውን፣ ብርድ ሲነካት ደረቷ እንደ ወናፍ የሚያፏጨውን ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ፣ መሃል አድርገው ወሰዷት። ቀንዱን መርማሪው በፌስታል ያዘው።

ይህን የሚያነብ ሁሉ የደባርቅ ሰው አይደለምና ላስረዳ። ቀንዱ የወንድ ዋልያ ነው፤ ጎባጣ፣ ጀርባው ጉብጉብ ያለ፣ አፉ በቆዳ የተለበጠ። የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ጠላ የሚጠጣበት ጽዋ እሱ ነው። ሌላው ማኅበር የሸክላ ጽዋ አለው፤ የእኛ ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ ነው፤ ማን እንዳደነው የሚናገር አንድም ሰው በሕይወት የለም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ማኅበርተኛው በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ይጸለያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲያበቃ ተረኛው ጽዋውን ለሚቀጥለው ሰው ያስረክባል፤ ተቀባዩም ተንበርክኮ ይስመውና በሚካኤል ሥዕል ፊት እንዲህ ይላል፦ «ተቀበልሁ። እስካስረክብ ድረስ የኔ ነው። ቢሰበርም ቢጠፋም በኔ ነው።» ሌላ አገር «አደራ ነው» ይሉ ይሆናል። የእኛ የቀደሙት ሰዎች ግን ብልጥ ነበሩ፤ ሰው የሰው ዕቃ ላይ እንደሚሰንፍ፣ በራሱ ላይ ግን እንደማይሰንፍ አውቀው «የኔ ነው» አስባሉን። በወሩ ውስጥ «የኔ አይደለም» ያለ ሰው መልአኩን ካደ ማለት ነው።

ሕጉ ደግሞ በዚያ በኩል ቆሟል። የዱር እንስሳ ቀንድ ያለ ፈቃድ ቤቱ የተገኘበት፣ የራሱ መሆኑንም ያመነ ሰው ይታሰራል፤ ቀንዱ የዋልያ ሲሆን ደግሞ እስሩ በዓመት ነው የሚቆጠር።

እንዴት ደረሱበት? መጽሐፍ ነው ያመጣቸው። እኔ ደግሞ መጽሐፍ የምወድ ሰው ነኝ፤ ነገሩን መራራ ያደረገው ይኸው ነው።

ትምህርት ያቆምሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የቱሪስት መርሳት ነው። የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፤ ከአንሶላው ጋር ትራስ ሥር የተረሳ መጽሐፍ ይመጣልኛል። ተራራ ሊያይ የሚመጣ ሰው የሚያነበው ስለ እንስሳ ነውና፣ እኔም እንግሊዝኛን የቆጠርሁት በዝሆን ጥርስ ንግድ፣ በነብር ቆዳ፣ በአማርኛ ስም ባላገኘሁለት ቅርፊታም አውሬ ነው። ለዚያ አውሬ አልቅሻለሁ። ደባርቅ ውስጥ አይቶት ለማያውቀው እንስሳ ያለቀሰ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ለዋልያም ቢሆን ወገን ነኝ። በተኩሱና በችግሩ ጊዜ ስንቱ ጠመንጃ አንግቶ ወደ ገደሉ እንደወረደ፣ ምን ተሸክሞ እንደወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እነዚያ ሰዎች ቤት መርማሪ ሲገባ ግን አላየሁም። ጠመንጃ ያለው ሰው በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይላል፤ እናቴ «ግቡ» ነው የምትል።

የመጽሐፉ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ መጥታ ነበር። ትሑት ሴት ናት፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ የገባች። አገኘሁ የሚባል አስጎብኚ ነው ያመጣልን። ያኔም ጽዋው እኛ ቤት ነበር፤ ተራው የእናቴ ነበርና። «ከፍ አድርገሽ ያዥው» አለቻት፤ ያዘች። ፎቶው አሁን በመጽሐፉ መሃል፣ ሙሉ ገጽ ላይ አለ። ከሥሩ የተጻፈውን ስተረጉመው እንዲህ ይላል፦ «በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ደባርቅ፣ አረጋሽ ከዋልያ ቀንድ የተሠራ መጠጫ ታነሣለች። በየቤቱ ያለው እንዲህ ያለ ፍላጎት የዝርያውን ጥፋት ያፋጥናል።»

መጽሐፉ ሲታተም ጸሐፊዋ በአገኘሁ እጅ ሦስት ቅጂ ላከች። አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለእናቴ። የእናቴ ላይ በብዕር «ለአረጋሽ፣ ከምስጋና ጋር» የሚል አለበት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ራሷን ከነጽዋው ባየች ጊዜ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከሚካኤል ሥዕል ሥር አኖረችው። የጽሑፉን ትርጉም ስነግራት እስክታስል ሳቀች።

«እኔ ነኝ ዋልያ የምጨርስ? ዶሮ ለማሳረድ እንኳ ጎረቤት የምለምን!»

እኔ አልሳቅሁም። መሥሪያ ቤቱ የደረሰውን ቅጂ አይቶ መርማሪ የላከበት ወር ደግሞ፣ ተራ ዞሮ ዞሮ፣ የእሷ ነበር። ባለፈው ወር ቢመጡ፣ ወይም የሚቀጥለው ወር እስኪገባ ቢቆዩ፣ ከሥዕልና ከአሮጌ ሰፌድ በቀር ምንም አያገኙም ነበር።

መርማሪው ሕሩይ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ማግስቱን ስንቅ ይዤ ጣቢያ ስሄድ በረንዳው ላይ ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ እኔም ጽዋ የምጠጣ ሰው ነኝ» አለኝ። «አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ‹የማኅበሩ ነው፣ እኔ ዘንድ የተቀመጠ ነው› ትበል። ምስክር አድርጌ ወደ ቤቷ እሰዳታለሁ። ‹የኔ ነው› ካለች ግን እንዳልሰማ መሆን አልችልም።»

«ለሷስ ነግረዋታል?»

«ሦስቴ ጠየቅኋት። ሦስቴም እንደ ዳዊት ደገመችልኝ።»

«ካልተናገረችስ?»

«አርብ ጎንደር ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ችሎት ትቀርባለች። ዳኛውም የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ‹የኔ ነው› ካለችው ከዚያ በኋላ ማንም አይደርስላትም።»

እናቴን በብረቱ በር በኩል አገናኙኝ። ሲሚንቶ ላይ አድራ ድምፅዋ ጎርንኗል። ያመጣሁትን እንጀራ ለሌሎቹ ሴቶች አከፋፍላ ነው ወደኔ የመጣች።

«እማዬ፣ ‹የማኅበሩ ነው› በይ። እውነት እኮ ነው!»

«ስቀበል ምን አልሁ?»

«እማዬ…»

«ስቀበል፣ በሚካኤል ፊት፣ ምን ብዬ ተቀበልሁ?»

«የኔ ነው አልሽ።»

«እንግዲህ።»

«እሱ የማኅበር ወግ ነው! ይህ ሕግ ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ፈረንጅኛሽ በአማርኛም ይጮሃል።» ሳል ያዛት። ሳሏ እስኪበርድላት ብረቱን ይዤ ጠበቅሁ። «አባትሽ አልጋ ላይ ሳለ ማንን ስጠራ ነው የከረምሁ? ያኔ ሚካኤል ‹አረጋሽ የኔ አይደለችም› ብሎኝ ቢሆንስ?»

«አባቴ እኮ ሞተ እማዬ።»

«ሞተ። ብቻዬን ግን አልነበርሁም።»

መጽሐፎቼ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ስለ አንበሳ ግልገል እናት ሰባት ገጽ አንብቤያለሁ፤ ስለኛ ስለ ሰዎቹ ሲደርሱ «የአካባቢው ነዋሪዎች» ብለው ያልፋሉ። የኔ እናት የአካባቢው ነዋሪዎች ናት።

አገኘሁ ዘንድ ሄድሁ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ዋይፋይ የቀረው አንድ ሆቴል ነው፤ እዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መጽሐፉን ገልጬ ፊቱ ላይ ያዝሁለት።

«ጻፍላት» አልሁት።

«ለማን?»

«ለወዳጅህ። በሷ ፎቶ እናቴ እንደታሰረች ጻፍላት። ቀንዱ የጥንት መሆኑን አንተው ራስህ እንደነገርሃት፣ እሷም እንደምታውቅ፣ ለፖሊስ ትጻፍ።»

«ፍቅርአዲስ፣ እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ እንጀራዬ…»

«እንጀራህን እናቴ ናት የጋገረችልህ፣ ያን ቀን። ሁለት እጥፍ በላህ።»

ጻፈ። እስክትመልስ ድረስ አጠገቡ ቆምሁ፤ ዞር ብል ጥሎኝ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። መልሷ መጣ። በጣም አዝናለች። ልቧ ተሰብሯል። ስለ ቀንዱ ዕድሜ ግን በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር ስለሌላት ለፖሊስ መጻፍ ይከብዳታል። በሁለተኛው እትም የእናቴን ፊት እንዲያደበዝዙት ትጠይቃለች።

«ጥሩ ሰው ናት» አለ አገኘሁ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጥሩ ናት። በሁለተኛው እትም ማንም አያውቃትም፤ እስር ቤት ያለችው ግን የመጀመሪያው እትም ናት» አልሁት። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

የማኅበራችን መሪ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጽድ ሥር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምሁና ሳልቀመጥ ጀመርሁ።

«አባ፣ እናቴን ይፍቱልኝ። ከቃሏ።»

«ልጄ፣ እኔ ከኃጢአት ነው የምፈታ። ቃል መጠበቅ ኃጢአት ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ጣቢያ ይሂዱና ‹የማኅበሩ ነው› ብለው ይመስክሩ። የእርስዎ ወር አይደለም፤ እርስዎ ቢናገሩ ማንንም አይክዱም።»

በመቋሚያቸው መሬቱን ቆረቆሩ።

«ብመሰክር አሥራ ሁለታችንንም ይጠሩናል። ሦስቱ አልጋ ላይ ናቸው። ጽዋውም ይወረሳል፤ ማኅበሩም ይፈርሳል።»

«አባ፣ ስትጠጡ አሥራ ሁለት ነበራችሁ። ለእስር ሲሆን አንዲት ሴት በቃቻችሁ?»

«ምላስሽን ምን ላይ ነው የምትስይው፣ ፍቅርአዲስ?»

«የሚያዳምጠኝ ባጣሁ ቁጥር ራሱ ይሳላል፣ አባ።»

ሲቆጡም ሲያዝኑም ያው ነው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከጽዋ የሚፈታ ተረካቢ ነው» አሉ። «እሷ በእጇ ሰጥታ፣ ሌላው በእጁ ከተቀበለ፣ በዚያች ቅጽበት የሷ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሻትን እውነት ትናገር። ቀኑ ገና ቢሆንም፣ ሞትና እስር ሲመጣ ቀን ሳይጠብቁ ማስረከብ በፊትም ነበረ። ቀጣዩ ተረኛ ሰብስቤ ነው። እሱ እሺ ካለ፣ እኔም እመጣለሁ። ጣቢያው ግቢም ቢሆን አስረካክባለሁ። ሚካኤል የማይገባበት ግቢ የለም።»

በቀጥታ ወደ ሕሩይ ሮጥሁ። ሰምቶኝ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ተወው።

«ኤግዚቢት ነው፣ በሕግ የተያዘ ዕቃ ነው… ለአፍታ፣ በፊቴ ከሆነ እፈቅዳለሁ። ግን ልንገርሽ። የሚቀበለው ሰው ስሙ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ምን ብሎ እንደሚያየው እኔ አላውቅም። እንዳታታልዪው፣ ንገሪው።»

ሰብስቤ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ነው። ፓርኩ ውስጥ እስካለው የድንኳን ቦታ፣ እስከ ሳንቃ በር፣ የቱሪስት ጓዝ ይጭን ነበር፤ አሁን ቱሪስት የለም፣ በቅሎዎቹ ግን መብላት አልተዉም። በረቱ በር ላይ የተቀደደ ኮርቻ እየሰፋ ነበር።

«እመት ፈረንጅ! ዛሬ ደግሞ ስለ የትኛው አውሬ ልታስተምሪን መጣሽ?»

«ስለ ሰው ነው ጋሼ። እየጠፋ ያለ ዝርያ ነው።»

ሳቀ። ሁሉንም ነገርሁት፤ የሕሩይን ማስጠንቀቂያ ሳይቀር። ሳቁ እየተነነ ሄደ፤ መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰካው።

«ስም ይጻፋል አልሽኝ?»

«ይጻፋል።»

«እኔ ሦስት በቅሎና አምስት ልጅ ነው ያለኝ። በቅሎዎቹ ቱሪስት ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ እኔን ይጠብቃሉ። ነገ መንገድ ተከፍቶ እንግዳ ቢመጣ፣ ስሙ በዋልያ የተጻፈ ሰው ፓርኩ ደጃፍ ያደርሱታል?»

«ያለፈው ጊዜ ተራዎ ሲደርስ ‹ተቀበልሁ› ያለው አፍ የማን ነበር?»

«ያኔማ ጠላ ነበረበት!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰፈሬ ያላየውን ነገር አደረግሁ። ተንበረከክሁ። እኔ፣ ለአሠሪ ያልጎነበስሁ፣ ቋንቋ ያለ አስተማሪ የተማርሁ፣ የበቅሎ ፋንድያ ላይ ተንበርክኬ እግሩን ያዝሁ።

«ኧረ ተነሽ! ምነው፣ ምነው ልጄ! ተነሽ በሚካኤል!» ክንዴን ይዞ አነሣኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሺ። አርብ ጠዋት እመጣለሁ። አልቀርም። ሚካኤልን!»

ሐሙስ ከሰዓት ዳቦ ደፋሁ፤ ጽዋ ያለ ዳቦ አይተላለፍምና። አርብ በጠዋት ዳቦውን በመሶብ፣ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ጣቢያው ግቢ ገባሁ። መጽሐፉን ለምን እንደያዝሁ አላውቅም፤ ምናልባት ዳኛ ፊት የሚያነብለት ሰው ቢፈልግ ብዬ ነው። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ጥላቸውን ዘርግተው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ነጭ ፒካፕ ሞተሩን አስነሥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሕሩይ ቀንዱን ከፌስታሉ አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት፤ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

ጠበቅን። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘወር እላለሁ። ባሏን ልትጠይቅ የመጣች፣ ውኃ የሚያመላልስ፣ ከቀበሌ የተላከ። ሰብስቤ አልነበረም። ሹፌሩ ጡሩምባ ነካ። በመጨረሻ የመጣው አገኘሁ ነው፤ እያለከለከ።

«ሰብስቤ የለም» አለ። «ሳይነጋ በቅሎዎቹን ይዞ ወደ ሳንቃ በር ወጣ አሉ።»

«ምን ሊጭን?»

«ምንም። ባዶ ኮርቻ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑት። ሕሩይ ሰዓቱን አየ። እኔ መሶቡን መሬት አኖርሁና መሃል ገባሁ።

«እኔ እቀበላለሁ።»

«ማኅበርተኛ አይደለሽም» አሉ ቄሱ፣ ቀስ ብለው።

«አባቴ ነበር። ቦታው ማንም አልተቀመጠበትም። ሕጉን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት አባ፤ ልጅ የአባቷን ቦታ አትወርስም ይበሉኝና ልሂድ።»

ሕሩይን አዩ፤ እናቴን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። «ትወርሳለች» አሉ። «ትወርሳለች። ይቻላል።»

ተንበረከክሁ፤ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ቀንዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አልሰጥም።»

«እማዬ!»

«ተቀባይ ፈቀደ፣ ቄስ ፈቀደ፣ ሰጪ ግን እኔ ነኝ። ስምሽ ሲጻፍ ቆሜ ልመለከት ነው? አንሶላ እያጠብሽ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብሽው፣ መጨረሻው ይህ ግቢ እንዲሆን ነው? አልሰጥም። ተነሽ፤ ቀሚስሽን አራግፊ።»

ለመንኋት። ሰደብኋት፣ እውነቱን ለመናገር፤ «ግትር» አልኋት፣ «እኔንስ ማን አለኝ» አልኋት። ፖሊሶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ሐሳብ የመጣለት ሰው ፊት ነበራት፤ ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ ቀንዱን ከኔ ላይ የሚወስደው ጎንደር ያለው ዳኛ አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው ቀጣዩ ተረካቢ ዳኛው ነው። ለሱ አስረክባለሁ። ስሙ ቢጻፍ የማይፈራ እሱ ብቻ ነው። ዳቦውን አምጪ።»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ። ሕሩይ ለሹፌሩ «ኤግዚቢቱን እሷው ትያዘው፤ ከሷ የተሻለ ጠባቂ የለኝም» አለና ከጎኗ ገባ። እናቴ ዳቦውን እግሯ ሥር፣ ቀንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተረኛ ቀና ብላ ተቀመጠች። ወደሚቀጥለው ቤት ጽዋ የምታደርስ ሴት ትመስል ነበር። ፒካፑ ወጣ።

እኔ ለአፍታ አመንኋት። ትክክል ናት፤ ዳኛው እጁን ዘርግቶ ከተቀበላት ነጻ ናት፤ ከዚያ «የማኅበሩ ነው» ትላለች፤ እንዲያውም ስታብራራለት ትቆያለች። አቧራው ሲሰክን ነው የገባኝ። ዳኛ መጀመሪያ እጁን አይዘረጋም። መጀመሪያ ይጠይቃል። ገና ቀንዱ እጇ ላይ እያለ «የማን ነው?» ይላታል፤ እሷም ታውቀዋለች መልሱን። ሚካኤል ይሰማታል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ አበቃ። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኋትም፦ መጀመሪያ አስረክቢ፣ ከዚያ ተናገሪ። ሳይጠይቅሽ ስጪው።

ሮጥሁ። ለሕሩይ ብደውል ኔትወርክ የለም። መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር፤ ረዳቱ ላይ እንደ ውሻ ጮኼ ሳይሞላ አስነሣሁት። ተሳፋሪዎቹ «ይህቺን ምን ነካት» አሉ። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ የፒካፑን ነጭ ጀርባ እፈልግ ነበር። ገብስ እርሻው፣ ባሕር ዛፉ፣ ከብቱ ሁሉ መንገዴ ላይ የተጋረደ መሰለኝ። ዳባት መግቢያ ላይ አየሁት። ኬላው ጋ ቆሞ ነበር። የታጠቁት ሰዎች ለሕሩይ እጅ ነሡ፣ ገመዱ ወረደ፣ አለፈ። እኛ ስንደርስ ገመዱ ተነሣ።

«ተዘግቷል» አለ ወታደሩ።

«አሁን መኪና አሳለፍህ!»

«የመንግሥት ነው። ወደፊት ተኩስ አለ። ለሲቪል ተዘግቷል።»

«እስከ መቼ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ወርጄ ለመንሁት። ስለ እናቴ፣ ስለ ሚካኤል፣ ስለ ዋልያ፣ ስለ ዳኛው አንድ ላይ ነገርሁት፤ እብድ መሰልሁት መሰለኝ፣ በርኅራኄ ዓይን አየኝና «ተቀመጪ እህቴ፣ ውኃ ጠጪ» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ እኩለ ቀን አልፋለች።

አንድ አምቡላንስ ከደባርቅ በኩል ወደ ኬላው ሲመጣ ነው የተነሣሁት። ምጥ የጠናባት ሴት ጭኗል፤ ከኋላ አንዲት ነርስ እጇን ይዛታለች። ጎንደር ነው የሚሄዱት፤ ለነሱ ገመዱ ይወርዳል። «ውሰዱኝ» አልሁ። ቦታ የለም፤ አየሁት፣ በእውነት የለም፤ የሴትዮዋ እናት እንኳ ቆማ ነው የምትሄድ። ያኔ መጽሐፉን ከብብቴ አወጣሁ። ያ ሁሉ ዓመት የአንድ መጽሐፍ ገጽ ጫፍ እንኳ አጥፌ አላውቅም። የእናቴን ገጽ ከሥሩ ገነጠልሁት። በስተጀርባው፣ በእንግሊዝኛው ላይ፣ ከነርሷ በተዋስሁት ብዕር በትልልቁ ጻፍሁ፦ «ኢንስፔክተር ሕሩይ፦ ለእናቴ ያንብቡላት። ዳኛው ሳይጠይቅሽ በፊት አስረክቢው። እጁ ላይ ሳታኖሪ አንድ ቃል እንዳትናገሪ።» በመስኮቱ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

«ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ በፊት ነው፤ ያልፉበታል። በር ላይ ላለው ፖሊስ ይስጡልኝ። ይህችን ሴት የያዘውን መርማሪ ይፈልግ። ፎቶዋ ይኸው፣ አይስታትም።»

ሹፌሩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ገጹን አገላብጦ አየ፤ መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ከዚያ እናቴን፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትስቅ።

«የምጥ መኪና ነው ልጄ። ካልቆምሁ እንዳትረግሚኝ።»

«አልረግምዎትም።»

ከኋላ ሴትዮዋ ጮኸች። ማርሽ አስገባ። ገመዱ ሲወርድ ገጹን መሪው ላይ ደግፎ አንዴ ደግሞ አየው።

«ይህ የያዘችው ቀንድ፣ የማን ነው?» አለኝ።

«የሷ ነው» አልሁት። «ዳኛው እስኪቀበላት ድረስ የሷ ነው።»